ፍራሽ አዳሹና አምባዛው

አፍንጮ በር ውስጥ ወልደገብርኤል ያላደሰው ፍራሽ ካለ ባለቤቱ ቁርበት ላይ የሚተኛ ሰው ነው። ጧት ተነሥቶ የጥጥ ደጋኑን ትከሻው ላይ ያጋድምና "ፍራሽ አዳሽ" እያለ ከአፍንጮ በር እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ሥላሴ ይዞራል። የጠሩት ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ፍራሹን ይተረትራል፣ የተጓጎለውን ጥጥ በደጋኑ ነድፎ ያሳብጣል፣ መልሶ ይሰፋል። የሙሽራ ፍራሽ ሲሆን መሐሉን በእጁ እየደባበሰ "ሁለት ሰው ይተኛበታል" ይልና ጥጥ ይጨምርበታል። እሱ ራሱ የሚተኛው ገለባ ላይ ነው፤ ያውም ብቻውን። የሰውን ጎን ሲያሞቅ የራሱን ረስቶት ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በዚያ ዓመት ኅዳር ሥራውን ትቶ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ወንዙ ውስጥ ሲባጎ ጥሎ ሲታይ አራዳ ዝም ብሎ አላለፈውም። አራዳ ምን ዝም ብሎ ያልፋል። ከላይ ድልድዩን ተደግፈው "ጋሼ፣ ወንዙም ፍራሹን ሊያሳድስ ነው እንዴ?" የሚሉት ነበሩ። ከታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ደግሞ "ከዚህ ውሃ እኛ ያወጣነው ካልሲ ብቻ ነው" እያሉ ይሳሳቁበታል። እሱ ዓይኑን ከሲባጎው አያነሣም። ድሮም ቢሆን ወሬው ፍራሽ ከማስታወቅ አያልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልደገብርኤል አንዲት እህት አለችው። አሰፋች ነበር ስሟ፤ ካገባች ወዲህ ከሪማ ተብላለች። እሱ አንዱንም ስም መርጦ መጥራት አልሆንለት ብሎ "እቴ" ይላታል። ወላጆቻቸው ጉራጌ አገር ሳሉ በአንድ ክረምት ሲሞቱ እሱ ጎረምሳ ነበር፣ እሷ ጥርሷን ያልነቀለች ሕፃን። በጀርባው አዝሎ አዲስ አበባ ያስገባት እሱ ነው። መንገድ ላይ ስንቃቸው ሲያልቅ ዋቤ ወንዝ ዳር ዓሣ ያዘላት፤ ፍም ላይ ጠብሶ፣ እሾሁን በጣቱ እየለቀመ አጎረሳት። አዲስ አበባ ከገቡም በኋላ ለብዙ ጊዜ በገዛ እጇ መብላት አልወድ ብላ አስቸግራው ነበር።

ልጅቷ አደገችና ጣልያን በወጣ ማግሥት አንድ የቅመም ነጋዴ ወደደች። ሰውየው ያገራቸው ልጅ ነው፣ ደግ ነው፣ ለፍቶ አዳሪ ነው፤ እስላም ነው። እነሱ አገር ወንድም መስቀልን፣ እህት ዒድን ሲያከብሩ ማየት ብርቅ አይደለም። ወልደገብርኤል ግን ያሳደጋትን ልጅ የቀሙት መሰለው። በሠርጉ ቀን፣ በሬው ሲጣል፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ቆመና "ገብርኤልን፣ አንቺ ቤት የታረደ ሥጋ አፌ አይገባም" ብሎ ማለ። ክርስቲያን ነውና የእስላም ሥጋ ባይበላ ማንም አይቀየመው ነበር፤ ዝም ብሎ መተው ይችል ነበር። በሰው ፊት መማሉ ነው የከፋው። ሙሽራዋ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያን ቀን ወዲህም "አንተ" ማለቷን ትታ "እርስዎ" ትለው ጀመር።

መሐላው ደግሞ እያደር አበጠ። ሥጋ የተሠራበት ድስት፣ ሥጋ የቀረበበት ሰሐን፣ ሥጋ የነካ እጅ እያለ ሲያሰፋው ከእህቱ ቤት ከውሃ በቀር የማይቀምስ ሰው ሆኖ አረፈው። መጠየቁን ይጠይቃታል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በፒያሳ በኩል ወርዶ ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው ቤቷ ይሄዳል። እሷም በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አምጥታ ፊቱ ታስቀምጣለች። "ጦም ነኝ" ይላል። ጦም ካልሆነ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። አትለምነውም፤ ትንሽ ቆይታ ታነሣዋለች። ባሏ የሞተ ጊዜ እንኳ ለቅሶ ሲቀመጥ ሰንብቶ ውሃ ብቻ እየጠጣ ነው የተነሣው።

እንግዲህ በዚያ ኅዳር፣ አንድ እሑድ፣ ከሪማ ልጇ ጅማ ላይ ሱቅ መክፈቱን ነገረችው።

"ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ እያለኝ ነው። ጠቅልዬ መሄዴ ነው፣ ጋሼ። የፊታችን ቅዳሜ።"

"ደግ ነው" አለ ወልደገብርኤል። ቆጮው ፊቱ ነበር፤ "ጦም ነኝ" አለ፣ እውነትም የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ያሰበው ይህን ነበር። ከዚህች እህቱ በቀር በዓለም ላይ ዘመድ የለውም። ያሳደጋት በገዛ እጁ ነው፣ አብሯት አንድ እንጀራ ሳይቆርስ ልትሄድበት ነው። ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ከአንድ ገበታ ሊበሉ ፈለገ። መሐላውን ግን የሚያፈርስበት ጉልበት አልነበረውም።

መላውን ያገኘው ከአከራዩ ከእትዬ ዘቢደር ነው። እትዬ ዘቢደር በረንዳዋ ላይ ምስር እየለቀመች ጾሙን ታማርራለች።

"ምነው ዓሣ እንኳ ቢገኝ" አለች። "ዓሣን የሚያርደው የለ፣ ባርኮ የሚጥለው የለ። ክርስቲያኑ ይበላዋል፣ እስላሙ ይበላዋል፣ ጾመኛው ይበላዋል።"

ወልደገብርኤል የሚሰፋበትን መርፌ እንደያዘ ቀረ።

ፒያሳ ለፈረንጆች የሚሸጥ ዓሣ አልጠፋም፤ ግን ሆድ ዕቃው ተዘርግፎና ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፣ በማን ቢላዋ እንደሆነ ደግሞ ማን ያውቃል። ነገር የሚያጠብቅ ሰው እንዲህ ነው። ይልቅስ ራሱ ሊይዝ ቆረጠ። ከፍራሽ መርፌዎቹ አንዱን ከሰል ውስጥ አግሎ ቆለመመ፣ ሲባጎ አሰረበት፣ ሰኞ ጧት ወንዝ ወረደ።

በኅዳር ወንዙ ያምራል። የክረምቱ ጎርፍ አልፎ ውሃው ይጠራል፣ ዳር ዳሩ ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል፣ ከድልድዩ ሥር ደግሞ ጠለቅ ብሎ የሚያቁርበት ቦታ አለ። ወልደገብርኤል ከጭቃው ትል እየቆፈረ እዚያ ይጥላል። ትንንሾቹን ዓሦች በዓይኑ ያያቸዋል፤ ዞር ሲሉ ቅርፊታቸው ብልጭ ይላል። መጥተው ትሉን ይለቅሙና ይሄዳሉ። መንጠቆው ከአፋቸው ይበልጥ ነበርና። የፍራሽ መርፌ ቆልምሞ ዓሣ ልያዝ የሚል ሰው ዓሣውን የሚለካው በፍራሽ ነው። ቀጭን መርፌ ልቆልምም ሲል በእጁ ላይ እየተሰበረ አስቸገረው። በዚህ ዓይነት ማክሰኞም ትል ሲቀልብ ዋለ፣ ረቡዕም እንደዚያው።

ብርድ ነበር። ከላይ መኪናው፣ ጋሪው፣ የሰው ጫማ ድልድዩን ሲያልፍ ይሰማዋል፤ ከዚያ ሁሉ የሚያልፍ ሰው አንድም የሱ አልነበረም። ከቅዳሜ በኋላ የሚመጣውን እሑድ አሰበው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወዴት እንደሚታጠፍ አላውቅ አለ። ውሃ ብቻ ጠጥቶ የሚመለስበት ቤት እንኳ አይኖርም። ልብስ አጣቢዎቹ እንባውን እንዳያዩበት ፊቱን በወንዙ ውሃ ታጠበ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሲባጎው ጣቱን ቆርጦት ሊሄድ ሆነ። ተነሣ፣ ጎተተ፣ ተንሸራቶ እስከ ጉልበቱ ገባ፣ እንደገና ጎተተ። የወጣው ጥቁር፣ ራሰ ሰፊ፣ ጢማም ዓሣ ነው። ከድልድዩ ላይ አጨበጨቡለት። እሱ ግን ዓሣውን ሣሩ ላይ አጋድሞ በመዳፉ ደባበሰውና እጁ እዚያው ቀረ። ገላው ልሙጥ ነው። አምባዛ ነበር፣ ቅርፊት የሚባል ነገር የሌለው። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አይበሉም።

እትዬ ዘቢደር ከረጢቱን ገልጣ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። "ይኼማ ላንተ አይሆንም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ወዴት ትወስደዋለህ?"

"እሷ ትበላዋለች" አለ። ከረጢቱን እያሰረም "እኔ አጎርሳታለሁ" አለ።

ከሪማ ቤቱን ጠቅልላ ጨርሳለች። ፍራሹ ተጠቅልሎ ታስሯል፣ ግድግዳው ባዶ ነው፤ አንድ ድስትና አንድ ምጣድ ብቻ ቀርቷል። ወንድሟ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ከረጢት ተሸክሞ ሲገባ ስታይ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ከረጢቱን ፈታችው። ክርስቲያን ሆና ያደገች ናትና ቅርፊቱን ስታጣ ለወንድሟ እንደማይሆን ገባት፤ ለምን እንዳመጣው ሳትጠይቅ ሠራችው።

ወልደገብርኤል እጁን ታጠበ። ዓሣውን በጣቱ ፈልቀቅ አድርጎ፣ እሾሁን ለቅሞ፣ ወደ አፏ ዘረጋ። ሽበት የጀመራት ሴት አፏን ከፍታ ተቀበለች። ደግሞ አጎረሳት። ሦስተኛውን ሲዘረጋ እጁን ያዘችው።

"እርስዎስ፣ ጋሼ?"

ያኔ ነው የተናገረው። "ዓሣ አይታረድም ብዬ ነው" አለ። "አብረን እንድንበላ ብዬ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ የመጣው ይኼ ሆነ። እኔ አልበላውም፤ አንቺ ብዪ።" ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ከአፉ ሲወጣ ከሪማ ሰምታ አታውቅም።

ተነሥታ እጇን ታጠበች። ከምጣዱ ላይ በኮባ የተጠቀለለውን አንሥታ ፊቱ አስቀመጠችና ቅጠሉን ገለጠችው። እንፋሎቱ ወጣ።

"ጋሼ" አለችው፣ "ቆጮ ይታረዳል?"

ወልደገብርኤል ዓይኑን ቅጠሉ ላይ ጣለ።

"የማሉት ሥጋ ላለመብላት ነው። ሠርጌ ነበር፣ ቆሜ ሰምቻለሁ። እኔም ሥጋ አቅርቤልዎ አላውቅም። በመጡ ቁጥር ቆጮ አስቀምጣለሁ፤ ዛሬ ይቆርሱ ይሆን እያልኩ አያለሁ። እኔ ዓሣ አልጠየቅሁም።"

የድስቱን ነገር ሊያነሣባት ፈለገ፤ ቆጮ ድስት አያውቅም። የሰሐኑን ነገር ሊያነሣ ፈለገ፤ ቆጮው በቅጠሉ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያራቃት በመሐላው እንዳልሆነ፣ በራሱ ኩራት እንደሆነ፣ ቁልጭ ብሎ ታየውና አፈረ። ከሪማ ከቆጮው ቆረሰች፣ ጠቀለለችው፣ እጇን ዘረጋች።

"ብላ" አለችው።

"ብላ" ካለችው ስንት ዘመን ሆነው። አፉን ከፈተ። ያልተነደፈ ጥጥ የጎረሰ ይመስል ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፣ አልጠረገውም። ሁለተኛውን ራሱ ቆረሰ። ዓሣው በመካከላቸው እየቀዘቀዘ ቅጠሉ እስኪታይ ድረስ በሉ።

"ስንት ጊዜ አቀረብሽልኝ?" አላት በመጨረሻ።

"አልቆጠርኩም" አለች። "ሁልጊዜ ግን ትኩስ ነበር።"

ቅዳሜ ጧት ዕቃዋን አውቶቡስ ላይ ጫነላት፤ ሄደች። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እግሩ በልማዱ ወደ መስጊዱ ጀርባ ይዞት ወረደ። በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። ሰው የሚጠብቅ መስሎ ትንሽ ቆመና ተመለሰ።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው፣ በዚያ በኩል "ፍራሽ አዳሽ" እያለ ሲያልፍ ከዚያው በር ሴት ጠራችው። ንግስቲ ትባላለች፤ ከትግራይ የመጣች፣ ቤቱን አዲስ የተከራየች ሙሽራ ናት። ድሮ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ፍራሿን ነደፈላት፣ መሐሉን ደባበሰ፣ ጥጥ ጨመረበት። ምሳ ሰዓት ሲሆን ልጅቷ ሕምባሻ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

"ይብሉ፣ አባቴ።"

"በልቼ ነው የመጣሁት" ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠውና እጁን እንድታስታጥበው ጠየቃት፤ ከዚያ ቆረሰ። ትኩስ ነበር።