የጋሼ ታዴዎስን የመጀመሪያ ሥዕል ፍለጋ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ዋይትሆል፣ አሜሪካ

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጁን የምጠቀመው ሥራ ስገባና ስወጣ ብቻ ነው። ገና አልነጋም። አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል። ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ አብጧል። ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ደግሞ ማስኬን መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመልሼ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ ተክሌ ቫኑን አሙቆ ይጠብቀኛል። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው።

"ዛሬ ኦፍ ነኝ አላልሽም?"

"ኦፍ ነኝ፤ ዛሬ ሥራ የለም።"

"ታዲያ ኦፍሽን ለፈረንጅ ሽማግሌ ትሰጫለሽ? የእኔንም ጨምረሽ!"

ይናገራል እንጂ ቡናና ዶናት ገዝቶልኛል።

ሽማግሌው ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው የፖላንድ ሰዓሊ ናቸው። ስማቸው በአገራቸው ታዴውሽ ነው፤ የእኛው ታዴዎስ መሆኑን ከነገርኳቸው ወዲህ ጋሼ ታዴዎስ እላቸዋለሁ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው እየከዳቸው ነው፤ ሰኞ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ወደ ሌላ ስቴት ትወስዳቸዋለች። ከዚያ በፊት የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የሳሉትን የመጀመሪያ ሥዕላቸውን አንዴ ማየት ይፈልጋሉ። ለማን እንደሰጡት ግን ረስተዋል። ከፋሲካ ጀምሮ ሲለምኑኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው ጥቅምት ገባ።

ሁለት ሰዓት፣ ዋይንላንድ ፓርክ

ቡናችንን ጠጥተን ተነሳን፤ እሳቸው ሰፈር ለመድረስ በሀይዌዩ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በእሳቸው መንገድ አንዱ ቤት ታድሶ ያብረቀርቃል፤ የጎረቤቱ መስኮት በጣውላ ተመቷል። ጋሼ ታዴዎስ ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፣ የትም ላይሄዱ። ከሚያዩት ነገር መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ስለሚታያቸው፣ ሊያዩኝ ሲፈልጉ ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ።

ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት የቅርቦቹ ሥዕሎቻቸው ነጭ በነጭ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ምንም አይታየኝም። ለእኔም አንድ ገና ላይ ከነዚሁ አንዱን ሰጥተውኛል።

"የምንፈልገው ላይ ምን አለበት?" አልኳቸው።

"እናቴ አለችበት። ከእሷ በኋላ ሰው ስዬ አላውቅም።"

የሁለት ሰዎች አድራሻ ሰጡኝ። ከመውጣቴ በፊት የምሳቸውን ድንች ላጥኩላቸው። ስልጥ ሁልጊዜ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

አራት ሰዓት፣ ደብሊን

ስሟ የአውሮፓዋ ከተማ ነው እንጂ የእኛው ከተማ ዳርቻ ናት፤ ሰፊ መንገድ፣ የታጨደ ሣር፣ ባዶ የቢሮ ፓርኪንግ። ሰዉ ሁሉ ከቤቱ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ሕንፃዎቹ ብቻቸውን ቆመዋል።

በሩን የከፈቱልን የጋሼ ታዴዎስ የድሮ ተማሪ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ቀይና ጥቁር ካሬ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር። ቀርቤ አየሁት፤ እናት የሚመስል ነገር ግን የለበትም።

"ይኼ የሁለተኛው ዘመናቸው ነው" አሉን። "በአገራቸው ኮሚኒስቶቹ ገበሬና ፋብሪካ ሳል ሲሏቸው ካሬ ሳሉ። ከማስተማር ሥራቸው ያስነሳቸው እሱ ነው። የመጀመሪያውን እኔም አላየሁትም።"

መኪና ውስጥ ጋሼ ተክሌ ራሱን ነቀነቀ። "በካሬ ምክንያት ከሥራ መባረር! ቢያንስ አንድ ትራክተር ጣል ቢያደርጉበት ምን ነበረበት?"

መሳቅ ፈልጌ አቅም አጣሁ።

ስድስት ሰዓት፣ ከከተማው በስተደቡብ

ሁለተኛው አድራሻ ፍሬም የሚሠሩ ሽማግሌ ሱቅ ነው። እንጨትና ሙጫ ይሸታል። ከሥራ ጠረጴዛቸው በላይ የተሰቀለው ሥዕል ሥዕል አይባልም፤ ጆንያ ነው። ተቀዶ፣ በሲባጎ ተሰፍቶ፣ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ተለቅልቆበታል።

"አሜሪካ እንደመጣ መጋዘን ነበር የሚሠራው" አሉ ሽማግሌው። "ጆንያውን ከዚያ ነበር የሚያመጣው። ቀለም መግዣ አልነበረውም፤ እንቅልፍም አልነበረውም።"

ጋሼ ተክሌ እዚህ አገር የመጀመሪያ አራት ዓመቱን መጋዘን ሣጥን ሲያነሳ ነው ያሳለፈው። ሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀልዱን ረሳ። "ይቺ ትገባኛለች" አለ ቀስ ብሎ።

ስለ መጀመሪያው ሥዕል ጠየቅኳቸው።

"ፍሬሙን ያደስኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ለገና። ለማን እንደሚሰጠው አልነገረኝም። በቡኒ ወረቀት ጠቅልዬ በአረንጓዴ ክር አሰርኩለት።"

አረንጓዴ ክር ሲሉ ጋሼ ተክሌን ወደ ቤት እንመለስ አልኩት።

ስምንት ሰዓት፣ እንደገና ዋይትሆል

ጋሼ ታዴዎስ ለገና የሰጡኝ ስጦታ በአረንጓዴ ክር የታሰረ ነበር። ጋሼ ተክሌ "ኧረ ምን ሆነሻል?" ሲለኝ ነው የነገርኩት። ስጦታ በሰጪው ፊት መፍታት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ያን ቀን እንደታሰረ ይዤው ሄድኩ። ቤት ስደርስም ያው ከነጮቹ አንዱ ነው ብዬ ናቅኩት፤ ቤት ስገዛ እሰቅለዋለሁ ብዬ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። በማግሥቱ "ወደድሽው?" ሲሉኝ "በጣም ቆንጆ ነው" አልኳቸው።

"ሳታይው?"

"ሳላየው።"

ቤት ስንደርስ አልጋዬ ሥር ተንበርክኬ ገባሁ። ከሻንጣዎቹ ኋላ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ክሩ እንደታሰረ ነው። በእጄ ልፈታው አልደፈርኩም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ዋይንላንድ ፓርክ

ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ክሩን በጣታቸው ዳስሰው ራሳቸው ፈቱት።

"የት አገኘሽው?"

"እኔ ጋ ነበር። እርስዎ ነዎት የሰጡኝ። ሳልፈታው አስቀምጬው ነበር።"

ክሩን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። "ቆንጆ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።"

"ዋሽቼ ነው፣ ጋሼ ታዴዎስ። ይቅር ይበሉኝ።"

ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ወደ ግራ አዞሩ፤ ሥዕሉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። "በሩ ይታየኛል፣ ምድጃውም አለ። መሐሉ ላይ እሷ የለችም።"

በፋሲካ ጊዜ መነጽር አድርገው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ያን ጊዜ አምጥቼው ቢሆን ያዩዋት ነበር። አፈርኩ፣ አለቀስኩም። ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላሉኝም። ባዶውን ወንበር በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ተቀመጪ። እኔ ላያት አልችልም፣ አንቺ ደግሞ አላየሻትም። በይ ንገሪኝ።"

ጋሼ ተክሌ በሩ ሥር ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

"ሻሽ ያሰረች ሴት ናት" አልኩ። "ጎንበስ ብላ ድንች ትልጣለች። ልጣጩ አልተቆረጠም፤ ከቢላዋዋ አንድ ሆኖ እስከ ወለሉ ወርዷል።"

"አዎ" አሉ ጋሼ ታዴዎስ። "ልክ እንዳንቺ።"