የአዴ ዲንቂቱ ሸክላ

በረንዳዬ ላይ ጎመን ስቀነጥስ ነው ያ ድምፅ የመጣው። ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣችው የልጄ ልጅ ሲፈን አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ፣ መዳፍ ከማትሞላው ከዚያች ዕቃ ውስጥ ቅል ተናጠ፤ ወተት ወዲያና ወዲህ ሲላተም የሚያሰማው፣ ወፍራምና ሆድ ያለው፣ ነቀምት ያደገ የእኔ ዘመን ሰው በእንቅልፉም የማይስተው ድምፅ። ቀጥሎ የሴት እንጉርጉሮ መጣ፣ እንጉርጉሮው ፋታ ሲሰጥ ደግሞ የትንሽ እጅ ጭብጨባ። እጄ ጎመኑ ላይ እንዳለ ቀረ፤ በወይራ ጭስ የታጠነ ቅል ሽታ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ሞላኝ።

ሲፈን ደስ ያለኝ መስሏት ታብራራልኝ ጀመር። ባሕር ማዶ ያለ ትንሽ ሸክላ አሳታሚ ነው አለችኝ፤ ትልልቆቹን ኩባንያዎች ያልተጠጋ፣ በራሱ የቆመ፣ ብሉዝና ክላሲካል ብቻ የሚያወጣ፤ ለወዳጆቹም አዲስ ያወጣውን በዜና መልክ ይልካል። የዚህን ጊዜ ዜና ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። ከወለጋ የተገኘ ብርቅ ሸክላ ነው ይላል፤ ቃል የለሽ ብሉዝ፣ ከቃል በላይ የሆነ ጥልቅ ሐዘን፣ ዘፋኟ ስሟ ያልታወቀ ሴት፣ ከበሮ መቺውም አይታወቅም።

«ከበሮ መቺው እኔ ነኝ» አልኳት። «ከበሮም አልነበረም።»

ብሉዝ ምን እንደሆነ ስጠይቃት የአሜሪካ ጥቁሮች ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ፣ በደላቸውንና የጌታቸውን ክፋት ያወጡበት ዘፈን ነው አለችኝ። በእሱ ቅሬታ የለኝም፤ ዘመዶቻችን ናቸው። የምንቀው ባሕር ማዶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ እሱ ያላወቀውን ሁሉ ያልታወቀ ነው ብሎ የሚጽፈውን ሰው ነው።

ያልታወቀችው ሴት አዴ ዲንቂቱ ትባላለች፤ አዴ እንደ እማማ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ከገበያው በላይ፣ ከእኛ ጋር አንድ አጥር ተጋርታ ትኖር ነበር። አባቴ ከሸዋ የመጣ ልብስ ሰፊ፣ እናቴ የሲሬ ልጅ ስለነበሩ ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ እንደ ዶሮ እንዳሻው ይገባና ይወጣ ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ አዴ ዲንቂቱ ጓሮ ስደርስ ግን ኦሮምኛ ብቻ ነበር። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ከዋንዛው ዛፍ ሥር፣ ጭስ ያጠቆረውን ትልቅ ቅሏን በጠፍር አንጠልጥላ ጠዋት ጠዋት ትንጣለች። ወተት መናጥ ደግሞ ለብቻ አይሆንም፤ ናጯ ዘፈን ታወጣለች፣ አንድ ሰው ይቀበላታል፣ ተቀባዩም ስሟን እየጠራ ያበረታታታል። ሌሎቹ ሴቶች የሚቀበሏቸው የገዛ ልጆቻቸው ነበሩ፤ አዴ ዲንቂቱ እኔን ከእናቴ ትዋሰኝ ነበር።

ዘፈኑ ላሟን በማመስገን ይጀምርና ቀስ ብሎ ወደ ስድብ ይዞራል። የቆሮው፣ ማለት የባላባታችን አሽከር፣ ቅቤው ገና ቅዝቃዜው ሳይለቀው መጥቶ የመጀመሪያውን ድቡልቡል ያነሳ ነበርና፣ ጌታህ ጢሙ ላይ የሚያብረቀርቀው የእኔ ላም ነው፣ ላሜን ከከንፈሩ አውርድልኝ ትለዋለች። አሽከሩ እዚያው ቆሞ ይሰማል፣ ከዘፈን ጋር መከራከር ደግሞ ያሳፍራል። እሷ ፋታ ስትወስድ እኔ «ራሲ ያ ዲንቂቱ» እላለሁ፤ ናጪው ዲንቂቱ ማለት ነው። በሌላ ጊዜ አዴ ሳልል ስሟን ብጠራ እናቴ ጆሮዬን ትቆነጥጠው ነበር፤ ዘፈኑ ውስጥ ግን ስሟ የእኔ ነበር፣ ደክሞኝ ከዘገየሁም ቅሉን ይዛ እስክቀበላት ትጠብቀኛለች።

ክላሲካል የሚሉትንም የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። እስከ አራተኛ ክፍል በተማርኩበት ትምህርት ቤት አንዲት ፈረንጅ አስተማሪ አርብ ከሰዓት ግራማፎኗን ከፍታ፣ እጃችንን አጣምረን እንደ ሬሳ አስቀምጣ ታሰማን ነበር። አንድ ቀን ዜማው መሐል ላይ ዝም ሲል ተቀባይ የሚጠብቅ መሰለኝና አጨበጨብኩ። ከክፍል ወጣሁ። ዜማው ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን የሚመልስለትን ሰው በር ላይ የሚያቆም ሙዚቃ ምኑ ታላቅ እንደሆነ እስከዛሬ አልገባኝም።

ያን ሸክላ የቀረጸው ሰውዬ የመጣው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። አዲስ አበባ ሸክላ ቤት ያለው፣ ነጭ ጫማ አድርጎ ጭቃ የሚወቅስ ሰው ነበር፤ ሲሬ ላይ መኪናውን ከማጥ ውስጥ በሬዎች ጎትተው ያወጡለትን ታሪክ ራሱ የጎተተ አስመስሎ ለከተማው ሁሉ አወራ። ሆቴል ተከራይቶ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ የመቅረጫ ማሽኑን ዘረጋና ጥሩ ድምፅ ያላት ሴት ፈልጉልኝ አለ። የሆቴሉ ባለቤት ቅቤ የሚገዛው ከአዴ ዲንቂቱ ነበርና እሷን አስጠራት። ቅሏን ከነወተቱ አሸክማ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። ማሽኔ ላይ ወተት ይፈስብኛል፣ ባዶውን ናጪ ቢላት፣ ባዶ ቅል የሚንጥ እብድ ነው አለችው።

የተስማማችው ለአንድ ነገር ነበር፤ ስምሽ ሸክላው ላይ በትልቁ ይጻፋል ብሏት ነበር። በቀረጻው ዋዜማ ስሟን ጓሮዋ ውስጥ በእንጨት መሬት ላይ አስጻፈችኝ። ማንበብ አትችልም፤ ርዝመቱን ብቻ አየችና ከእኔ በኋላ ይህ ይጠራኛል አለች። እስኪመሽ ድረስ በዚያ ባለፈች ቁጥር ላለመርገጥ ትዞር ነበር።

መዝፈን ስትጀምር ሰውዬው በደስታ እግሩን ይመታ ነበር፤ ምን ትላለች ብሎ ጠይቆ የሆቴሉ ባለቤት የቆሮውን ጢም ሲተረጉምለት ግን እግሩ ቆመ። ሱቄን ልታዘጊብኝ ነው ወይ አለ፣ ለማንኛውም ኦሮምኛ ማን ይገዛኛል፣ በአማርኛ ስለ ፍቅር ዝፈኚ አላት።

«ላሚቱ አማርኛ አትሰማም» አለችው።

እንግዲያው ቃሉን ተይው፣ ዜማው ይበቃል አለ። እኔንም ሁለተኛ ድምፅ ያበላሻል ብሎ ወደ በሩ ጠቆመኝ። ልጅቷ ከወጣች ቅቤው አይወጣም ብላ ቅሏን ማንሳት ስትጀምር ታጨብጭብ፣ ግን አፏን ትዝጋ ብሎ ተስማማ። አዴ ዲንቂቱ ማሽኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ስሟ ስለሚጻፍ ቃሏን ዋጠችው። እያንጎራጎረች ናጠች፣ እኔም ስሟን በምጠራበት ቦታ ሁሉ አጨበጨብኩ። ሐዘን አልነበረም። አጠገቧ ነበርኩ፤ ጥርሷን ነክሳ ነበር የምታንጎራጉረው። ባሕር ማዶ ያሉት አዋቂዎች ከቃል በላይ የሆነ ሐዘን ያሉት ንዴት ነው፤ ንቀትም አለበት። ሲጨርስ ከረሜላ ሰጠኝ። ከረሜላው ጥሩ ነበር፣ ፍርድ አላጓድልም።

ሸክላው ነቀምት የደረሰው በጥጋብ ወራት፣ አዲሱ እህል ከገባ በኋላ ነው። የሆቴሉ ባለቤት አንዱን ገዝቶ፣ እንዳነብላት ሁለታችንን አስጠራን። መሐሉ ላይ ባለችው ክብ ወረቀት የሰውዬው ሱቅ ስም በወርቃማ ቀለም ተጽፏል፣ ከሥሩ «የወለጋ ዜማ» ይላል። የእኔስ አለችኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ላይ የማናውቀው ዘፋኝ ስም አለ። ወረቀቷን በጣቷ ዳሰሰቻት፣ ስሟ መሬት ላይ የነበረውን ያህል ርዝመት የፈለገች ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ቤት መንገድ ጀመርን።

«ቆሮው ይሻላል፣ ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «እሱ ቅቤውን ሲወስድ የማን እንደሆነ ያውቃል።»

ዋንዛው ከተቆረጠ ቆይቷል፤ በቦታው ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሞበታል፣ ከሥሩ ቅቤ በፌስታል የሚሸጥ ሱቅ አለ፣ የሚሸጠው ልጅም ከየትኛዋ ሴት እጅ እንደመጣ ብጠይቀው ከመኪና ላይ ነው የወረደው ይለኛል። አዴ ዲንቂቱን ቀብረናታል፤ በእንጨት መሬት ላይ የጻፍኩትን ስሟን የዚያ ክረምት ዝናብ ወስዶታል።

ሲፈን ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «አኮ፣ ቢያንስ ከመጥፋት አድነውታል እኮ» አለችኝ፤ አኮ አያቴ ማለት ነው። እውነቷን ነው፤ ድምፁን እንደ መስታወት አጥርተውታል፣ ይህንን አልነፍጋቸውም። ቅሉን ካጠቡ አይቀር ግን የባለቤቷን ስም የሚጠይቅላቸው፣ የነቀምትን መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው አያጡም ነበር። እንጻፍላቸው አለች፣ ግን ማስረጃ ይሉናል።

«ከመጀመሪያው ክፈቺው» አልኳት።

ቅሉ ተናጠ። እንጉርጉሮው መጣና ፋታ ሰጠ፣ በያኔዋ ትንሽ እጄ ጭብጨባ ላይ «ራሲ ያ ዲንቂቱ» አልኩ፤ ክዳን በድስቱ ላይ እንደሚገጥም ገጠመ። ሲፈን ስልኩን ማየት ትታ እኔን ታየኝ ጀመር። እንደገና ፋታ ሰጠ፣ እንደገና ጠራኋት። ደጋግሜ ስጠራት ግን ትንፋሼ አጠረ፣ ድምፄም ተሰነጠቀ፣ እጆቼ ቀድመውኝ አጨበጨቡና ስሟ አፌ ውስጥ እንዳለ ዜማው አልፎኝ ሄደ። አዴ ዲንቂቱ ብትሆን ቅሉን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር።