በክምሩ ላይ የተሰካው ዘንግ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ በረቷን ስትጠርግ የትኩስ ፍግ ሽታ በመስኮቴ ገባ።

እናቴ በሞተችበት ክረምት፣ ጉደር በነበረው የማኅበር አትክልት እርሻ የሥራ ተራዋን እኔ ያዝኩ። ለማዳበሪያ የላም ፍግ ከጎመን ቅጠልና ከጭድ ጋር ከምረን ዘንግ እንሰካበት ነበር። ዘንጉ ተነቅሎ ሲዳሰስ ከሞቀ ክምሩ እየበሰለ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ብቻዬን በሆንኩ ቁጥር እየነቀልኩ መዳፌን አሞቅበት ነበር።

አንድ ቀን፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት አዴ ጫልቱ ደረሱብኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ ቶሎ ቶሎ ከነቀልሽው ክምሩንም ይበርደዋል» አሉኝ። ዘንጉን መልሰው ሰኩና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። «ሲበርድሽ ንገሪኝ እንጂ።»

በማግስቱም በረደኝ፤ አልነገርኳቸውም።

ዛሬም ብርድ የሚያስገባውን መስኮት መዝጋት እየቻልኩ፣ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ።