ሮዙ መንከሻ

አባቴ ፒፓ ማጨስ የለመደው በወጣትነቱ አዘዞ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ፣ ከጣሊያን መካኒክ ነው። በኋላ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲሆንም አልተወውም። እናቴ በበኩሏ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፤ ትምባሆ ሲነሳ ፊቷ ይጠቁራል። የንስሐ አባታችን ቤታችን በመጡ ቁጥር ትምባሆ የሚያጨስን ሰው ሳይገሥጹ አይሄዱም ነበርና እሳቸው ሊመጡ ሲሉ ፒፓው ከአጥሩ ድንጋይ መሃል ይሸጎጣል። እማዬ በእጇ ነክታው አታውቅም። ቤት ስትጠርግ መንገዷ ላይ ካገኘችው በመጥረጊያው ጫፍ ወደ ጥግ ትገፋዋለች። ሁለቱ በዚህ ሲነታረኩ አደግሁ። የማንንም ወገን አልያዝሁም፤ ሁለቱም ግትሮች ነበሩ፣ እኔም ከማን እንደወረስሁት ግልጽ ነው።

እኔ ሆስፒታል፣ የጥርስ ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራ ነበር። ድድ የሚመስለው ክፍል የሚሠራው ከአክሪሊክ ነው። ሮዝ ዱቄት አፍንጫ በሚያቃጥል ፈሳሽ ይለወስና ሊጥ ሲሆን በጀሶ ቅርጽ ውስጥ ይታመቃል፤ ከዚያ ከነቅርጹ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል። ውሃው ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት። እሳት ከበረታበት ውስጡ አረፋ ይይዛል፣ ያ አረፋ የያዘ ቦታም አንድ ቀን ይሰበራል።

የአባባ ፒፓ ጥቁር መንከሻ ነበረው። መንከሻ የምንለው አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ነው፣ ስሙን ያወጣነው እኛው ቤት ነው። እሱ አልቆ ሲሰበር ሌላ ከየት ይመጣል? ሳሙና እንኳ በቀበሌ ወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ከተራረፈ አክሪሊክ ልሥራልህ አልሁት። የአሮጌውን ቅርጽ በጀሶ አወጣሁ። ጢሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንዲኖረው የብስክሌት ጎማ ሽቦ ቫዝሊን ቀብቼ መሃሉ ላይ አጋደምሁና ሊጡን ዙሪያውን አመቅሁት። ተቀቅሎ ሲበርድ ሽቦውን ሳብሁት። ከዚያ በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በአመድና በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት። ወለል ብሎ አበራ። ችግሩ ሮዝ መሆኑ ብቻ ነው፤ ሌላ ቀለም አልነበረንም።

«ምን ልሁን ብለሽ ነው? የሰው ድድ ነክሼ ከተማ ልዙር?» አለ አባባ።

እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በትምባሆ ጉዳይ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ አኮረፈ፣ ከዚያ ሞከረው፣ ከዚያ ከእጁ አልለይ አለው። ንክሻው ሲሻክርበት እያመጣ ያስለሰልሰኝ ነበር፤ በዚህ የተነሳ የአባቴን ንክሻ እንደ ድምፁ አወቅሁት። የሚነክሰው በቀኝ በኩል ነው። ልጅ ሆኖ ኮሶዬ ላይ ከበቅሎ ወድቆ ታችኛው የቀኝ ክራንቻው ተሸርፎ ስለነበር፣ መንከሻው ሥር ሁለት ጎን ለጎን የተቀመጡ ትናንሽ ጉድጓዶች ይተዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ታጣቂዎች መጥተው አባባን ወሰዱት። ያስተማራቸው ልጆች ወረቀት በትነዋል፣ እሱ ያውቃል ነው ነገሩ። «ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ ይመለሳሉ» አሉን። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ልጁ የተገደለበት ቤት ጮክ ብሎ ማልቀስ አይችልም ነበር፤ ለቅሶ መቀመጥ ራሱ ወንጀል ነው። የእስረኛ ጠያቂም እስር ቤቱ ውስጥ አይገባም። ምግብ በሳህን በጨርቅ ተቋጥሮ በር ላይ ይሰጣል፣ ባዶው ሳህን ይመለሳል። ባዶ ከተመለሰ ሰውየው አለ። «ከእንግዲህ አታምጡ» ከተባለም ምክንያት አይጠየቅም። እኛም እንደ ሌላው ሁሉ የአባቴን መኖር ከባዶ ሳህን ስንረዳ ከረምን።

በሩን የሚጠብቁት ከደጋ የመጡ ሸምገል ያሉ አንድ ሚሊሻ ነበሩ። አንድ ቀን እማዬን ጠሩና፣ «እመይቴ፣ አስተማሪው ጋያቸውን ላኩልኝ ብለዋል። ምነው እስካሁን ሳይልኩላቸው?» አሏት። ጋያ ያሉት ፒፓውን ነው። እማዬ ወደ ቤት መጥታ ፒፓውን ከተቀመጠበት በባዶ እጇ አንስታ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ሚሊሻው ወረቀት ተደብቆበት እንዳይሆን መንከሻው ውስጥ ስንደዶ ሰድደው አረጋገጡና አስገቡት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፒፓው ለጥገና ወጣ፤ መንከሻው ከእንጨቱ ጋር በሚገጥምበት ተሰንጥቋል። ወደ መስኮት ወስጄ አገላበጥሁት። ንክሻው ወደ ግራ ተሻግሯል። በቀኝ በኩል የነበሩት ሁለት ጉድጓዶች አዲስ አልተጨመረባቸውም። ሰው ከዕድሜ ልክ ልማዱ የሚሻገረው ቀኙ ሲያመው ነው፤ ቀኙ ለምን እንዳመመው ለመገመት ደግሞ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እማዬ ከኋላዬ ቆማ፣ «ምን አየሽ?» አለችኝ።

«መትተውታል። ግን ያጨሳል» አልኋት። ያ «ግን» ለሁለታችንም እንጀራ ሆነን።

ስንጥቁን ሞላሁት፣ ቀስ ብዬ ቀቀልሁት፣ ላክነው። ሳህኑ ባዶውን መምጣቱን ቀጠለ።

ክረምቱ ሲወጣ ፒፓው እንደገና ለጥገና ወጣ። አሁን ንክሻው ፊት ለፊት ነው። ጥርሶቹ ትናንሽና እጅብ ያሉ ናቸው፣ ከላይ አንዱ የለም። የተሸረፈ ክራንቻ በግራም በቀኝም ምልክት የለውም። ደጋግሜ አየሁት፣ በጀሶ አትሜ አየሁት። ጥርስ በዱላ ሊረግፍ ይችላል፤ የሌላ ሰው ጥርስ ሆኖ ግን አይበቅልም። የድሮዎቹን ሁለት ጉድጓዶች ይህ ሰው እየነከሰ ደምስሷቸው ነበር። አባቴ ሞቷል። ማንም አልነገረኝም፣ ግን ሞቷል።

ለእማዬ ነገርኋት። እንደዚያ ዓይነት ነገር ብቻዬን መሸከም አልችልም ነበር። መደብ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ንዴቴ ቀደመኝ፤ «የአባባን ምግብ የሚበላ ሌባ ነው! ዛሬ ሳህኑን እንዳትልኪ» አልኋት።

«ሌባ አትበዪ» አለች፣ ዝግ ብላ። «ሳህኑ ታጥቦ መምጣት ከጀመረ ሰንብቷል። አባትሽ ሳህን አጥቦ ያውቃል? እስር ቤት አስተማረው ብዬ ነበር እኮ።» ከዚያ፣ «የራሱ ጠያቂ ያለው ሰው በሌላ ሰው ስም አይበላም። ሥሪለት» አለችኝ።

ሥሪለት። ለማላውቀው አፍ። መንከሻውን ፊት ለፊት እንዲነከስ ሰፋና ሳሳ አደረግሁት፣ ለጎደለው ጥርስ ትንሽ ከፍታ ተውሁለት። እያለቀስሁ ሞረድሁት፣ ዱቄቱ ፊቴ ላይ እየተለጠፈ። እማዬ ከነምግቡ ወስዳ ሰጠች። ሳህኑ የሚቋጠርበት ጨርቅ ጥጉ ተቀዶ ነበር፤ ሲመለስ በደቃቅ ስፌት ተሰፍቶ መጣ። እንዳወቅን አውቋል ማለት ነው።

እንዲህ እየሆነ ቆየ። የጾም ምግብ በጾም፣ የፍስክ በፍስክ ሄደለት። እማዬ የሆነ ሰው አሁንም በእጇ የሠራችውን መብላቱ አጽንቶ ያቆማት ነበር፣ እኔም ቀስ በቀስ ጥላቻዬ ለቀቀኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሚሊሻው ሳህኑን ሳይቀበሉ ፒፓውን ዘረጉላት።

«ከእንግዲህ አያምጡ፣ እመይቴ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «አስተማሪው የሉም።»

እማዬ ያለቀሰችው ቤት ገብታ፣ በር ዘግታ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው። በማግስቱ የንስሐ አባታችንን አስጠራች። ጸሎተ ፍትሐት በስውር እንዲያደርሱላት ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። የአባባን የክርስትና ስም ነገረቻቸው። ከዚያ፣ «ሌላም ሰው አለ፣ አባ» አለች።

«ስመ ክርስትናው?»

እማዬ ከነጠላዋ ሥር ፒፓውን አወጣች። «ስሙን አናውቅም። ጥርሱ ግን ይኸውልዎ» አለቻቸው።

ከትምባሆ ጋር ያላቸውን ጠብ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ፒፓውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ሮዙን መንከሻ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ንክሻው ያለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ጎናቸው አስቀመጡትና ፍትሐቱን ለሁለት ሰው አደረሱ።