እትዬ አስካለን ያለፍኳቸው እሑድ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይቺን ውጬ ነው የተመለስኩት። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው።

እትዬ አስካለ ሜልተን የሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በስደት የመጡ አሮጊት ነበሩ። እኔ የምኖረው ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ነው፤ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን "መኪና ያለው ሰው አረጋውያንን እያመጣ ያገልግል" ሲባል እጄን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አላውቅም። ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ምናልባት ለዚያ ነው። እሑድ እሑድ እሳቸውን አመላልስ ጀመር። ቀበቶ ሳስርላቸው "አንቺ ልጅ፣ እንደ ጭነት እኮ ነው የምትጠፍሪኝ!" ይሉኛል።

እትዬ አስካለ መቁረብ ይፈሩ ነበር። ነፍስ አባታቸው ፈቅደውላቸው እንኳ "እኔ በየት በኩል!" እያሉ ወደ ኋላ ይላሉ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ "አንቺ ብትቆርቢ እኔም ከኋላሽ እደፍር ነበር" አሉኝ።

"እሺ፣ አብረን እንቆርባለን" አልኩ። ንስሐ ገብቻለሁ ብዬም ጨመርኩበት። ውሸት ነው። ያኔ ሳንጋባ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቤት ነበር የምኖረው፤ ትቼው ለመውጣትም አላሰብኩም። ታዲያ ለምን እሺ አልኩ? ደስ እንዲላቸው? ጥሩ ልጅ እንድባል? እኔ እንጃ። ወሬው እንዲያልቅልኝ ይመስለኛል።

ቀኑ ደረሰ። እሳቸው ጾመው፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ አድረዋል። እኔ ማታ ፒዛ በልቻለሁ። ጠዋት መኪናዬን አስነሥቼ ሜልተን ሄድኩ። "እኔ አልቆርብም፣ እርስዎ ይቁረቡ" ልላቸው ነበር። ይኸው ነበር መባል ያለበት። ወደ መንገዳቸው ስታጠፍ በራቸው ላይ ቆመው አየኋቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው።

አላቆምኩም። ፍጥነቴን እንኳ አልቀነስኩም። አልፌያቸው ሄድኩ። እጃቸውን ሲያነሡ በስፖኪዮው አየሁ።

እኔ ነኝ ያለፍኩት። መንገድ አልተዘጋብኝም፣ አላመመኝም። ነዳጅ ማደያ ገብቼ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጮኸ፤ አላነሣሁም። ምንም አልተሰማኝም። አሁንም ብዙ አይሰማኝም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደውዬ "ድንገት ሽፍት ጠሩኝ" አልኳቸው።

"መኪናሽን ያየሁ መስሎኝ ነበር።"

"የእኔ አይደለችም።"

"በይ እግዜር ሥራሽን ይባርክልሽ። እኔን የከለከለኝ እሱ ነው፤ አልበቃሽም ሲለኝ ነው" አሉኝ።

እሱ አልከለከላቸውም። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። ይህን በስልክ ለመናገር ምን ያህል ትንፋሽ ይጠይቃል? አልተናገርኩም። የቤተ ክርስቲያናችን ቀሲስ ሌላ እሑድ እንዲቆርቡ ቢለምኗቸው እምቢ አሉ፤ መልሱን አግኝቻለሁ ብለው። ብዙም ሳይቆዩ ስትሮክ መታቸው። ሆስፒታል ተኝተው ቀሲስን ራሳቸው አስጠሩ፤ ግን ጉሮሯቸው መዋጥ ስላቃተው ሊያቆርቧቸው አልቻሉም። ጸለዩላቸው፣ ወጡ። እትዬ አስካለ ሳይቆርቡ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ሴቶቹ "እንደ ልጅ ያመላለሰቻቸው ይቺ ናት" እያሉ ሳሙኝ። እኔም ተሳምኩ።

አሁን ደግሞ ቀሲስ ሕፃናቱን አስተምሪልን ይሉኛል። ልጆቹ በአማርኛ ሲጠይቋቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱት፤ እኔ ሁለቱንም እችላለሁ። "እኔ አልሆንም፣ ኃጢአተኛ ነኝ" አልኩ።

ሳቁ። "ንጹሕ ሰው ከተጠበቀማ እኔም ቅዳሴ አልገባም" አሉኝ።

ትሕትና መሰላቸው። ኃጢአተኛ ነኝ ማለት ምን ይከብዳል? ሁሉም ይለዋል። እኔም ከዚያ ቃል ኋላ ተደብቄ ነው የኖርኩት። አሮጊት በጾም አቁሜ አለፍኩ፣ ዋሸሁ፣ እግዚአብሔር ነው የከለከለኝ ብለው ሲያምኑም ዝም አልኩ ማለት ግን ሌላ ነው።

ቢሆንም እሺ ብያለሁ። ስለበቃሁ አይደለም። እስክበቃ ብጠብቅ እስክሞት እጠብቃለሁ፤ እትዬ አስካለም እንደዚያ ነው የሆኑት። ቅዳሜ ትምህርቱ ሳይጀመር ግን ስማቸውን ጠርቼ ለቀሲስ እነግራቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልጠይቅም። የበደልኳቸው ሞተዋል፤ በእሳቸው ፈንታ ይቅር የሚለኝ ሰው አልፈልግም። ቀሲስ ሰምተው አስተምሪ ካሉኝ አስተምራለሁ። አይሆንም ካሉኝም ወንበር እደረድራለሁ።