ለጋሽ እንድሪስ የመጣው ደብዳቤ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ፣ ሰው ማማቴን ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን እየዘለልኩ አለፍኩት። ኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ ነገር ኃጢአት አይሆንም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ደግሞስ ለአባ ኢሜል ምን እንደሆነ ማን ያስረዳቸዋል? እዩት እንግዲህ፣ ገና ከመጀመሬ ማመካኘት ጀመርኩ።

ሚሊኒየሙ ሊከበር በተቃረበበት ሰሞን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ለሕዝብ ኢንተርኔት የነበረው በእኔ ቤት ብቻ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለች ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ክፍል። በሮቢት ሙቀት ኮምፒውተሮቹ እንደ ሰው ያለከልካሉ፤ መስመሩም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ለሰው ሁሉ ኢሜል የምከፍተው እኔ፣ ፓስወርድ የማወጣውም እኔ ነበርኩ። ለሽንኩርት ነጋዴውም፣ ለነርሷም፣ ልጇ ጅዳ ለሄደችባት እናትም ያወጣሁት ፓስወርድ አንድ ነበር፤ የቤቴ ስም። እንዳይረሱት ብዬ ነው። እነሱም ቅር አላላቸውም። የቤታቸውን ቁልፍ ለጎረቤት እንደሚተዉት፣ «አንተው ጋ ይቀመጥ» ይሉኝ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከክፍል ሲወጡ የከተማዋን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ያለ ደመወዝ ይጠብቃሉ። ከቀወት ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች እዚያ በነፃ ኢንተርኔት እንዲያገኙ ፈለጉ፤ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ደብዳቤ ሊልኩ እኔ ቤት መጡ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ይናገራሉ፣ እኔ እመታለሁ። «አይ ደረጀ፣ እሱ ትዕዛዝ መሰለ፤ ‹በትሕትና› የሚል ጨምርበት» ይላሉ። ጨመርኩበት፣ ላክሁትም። እየላክሁ ግን የማስበው ሌላ ነበር። እዚያ ማዶ ነፃ ኢንተርኔት ከመጣ እኔ ቤት ማን ይመጣል?

መልሱ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ሰው ሳይገባ የጋሽ እንድሪስን ኢሜል ከፈትኩት። ማን ፈቀደልኝ? ማንም። ስለቻልኩ ብቻ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩንም መስመሩንም እንሰጣለን፣ እናንተ ክፍሉን አዘጋጁና ከማዘጋጃ ቤቱ የስምምነት ወረቀት እስከ ወሩ መጨረሻ ላኩልን ይላል። አነበብኩት። ያልተነበበ አስመስዬ ዘጋሁት። ከሰዓት በኋላ ጋሽ እንድሪስ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ።

«ደረጀ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምንም የለም ጋሼ።»

ያደረግሁት ይኸው ነው። ግን በዚያ አላበቃሁም።

ሲመላለሱ ሰነበቱና፣ «የሮቢት መስመር ደካማ ስለሆነ ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን ወጥቼ ልየው» ብለው ፓስወርዱን ጠየቁኝ። በእጄ ጽፌ ሰጠኋቸው። ከበሩ ሲወጡ ደብዳቤውን አጠፋሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እሳቸው በቆላ ልብሳቸው የጣርማ በርን ብርድና ጉም ሲያልፉ፣ የሚሄዱት ባዶ ነገር ሊያዩ መሆኑን አውቅ ነበር። እያሳሉ ተመለሱ። «አልወደዱትም መሰለኝ ልጄ። ድሮም ደብዳቤ መጻፍ አይሆንልኝም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አንስተውት አያውቁም። ድርጅቱም መልስ ሲያጣ ወደ ሌላ ከተማ ዞረ መሰለኝ።

ልጆቼ ተርበው ነበር? አልተራቡም። ዕዳ ይዞኝ ነበር? አልያዘኝም። ብቸኛ መሆን ጣፍጦኝ ነው። የፈተና ውጤት በኢንተርኔት የወጣ ቀን ተማሪው ፀሐይ ላይ ደጄን ሞልቶ ይሰለፋል፤ ኪሱን ዳብሶ አንገቱን ደፍቶ የሚመለሰውን አየው ነበር። እያየሁ ሒሳብ እቀበል ነበር።

የፈራሁት በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ሳይመጣ በየሰው ኪስ ገባ። ሁሉም ስልክ ያዘ፣ የእኔ ቤት ተዘጋ። አሁን እዚያችው ክፍል ውስጥ ቻርጀር እሸጣለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ። ባለፈው ጋሽ እንድሪስ ልጃቸው የላከችላቸውን ስልክ ይዘው መጡ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል።

«እስቲ ያቺን የድሮ ኢሜሌን ክፈትልኝ» አሉ። «ያ የቤተ መጻሕፍቱ መልስ ደርሶ እንደሆነ። የሮቢት መስመር እኮ ነው፣ ቀስ ብሎ ይደርስ ይሆናል።»

ቀልዳቸውን ነው። ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ያኔ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ። እንዴት እንዳጠፋሁት፣ ለምን እንዳጠፋሁት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ክፍሉን አዘጋጁ ይላል። ደብዳቤዎ በጣም ስለነካን ስብሰባ ላይ ጮክ ብለን አነበብነው ይላል።»

«ጮክ ብለው አነበቡት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ወደውት ነበራ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔ ለካ የሰረቅሁት ኮምፒውተር ብቻ አልነበረም። ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት፣ «ደብዳቤ ባለማወቄ ልጆቹን ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ» እያሉ ኖረዋል።

«በእኔ በኩል ያለውን አፉ ብዬሃለሁ፣ አላህም አፉ ይበልህ» አሉኝ እንባቸውን ጠርገው። «የልጆቹን ግን እኔ አፉ ልልህ አልችልም። እሱን ራስህ ጠይቃቸው።»

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። በዚያን ጊዜ ሮቢት ተምራችሁ፣ ከደጄ ኪሳችሁን ዳብሳችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ በነፃ ልታገኙት የነበረውን የነፈግኋችሁ እኔ ነኝ። ምክንያት የለኝም። ይቅር በሉኝ፤ ካልሆነላችሁም አልፈርድባችሁም።

ያን ቀን ጋሽ እንድሪስ ሊሄዱ ሲሉ አዲስ ኢሜል አስከፈቱኝ። ፓስወርድ የሚሞላበት ጋ ስደርስ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «በል ፊትህን አዙር» አሉኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አንድ ፊደል ይነካሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ሌላ ይነካሉ። ብዙ ቆዩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ከልቤ ሳቅሁ፤ ከዓመታት በኋላ ትንፋሼ ሙሉ ሆነ። ምን ብለው እንደጻፉ እስከ ዛሬ አላውቅም።