ቅርፊት ያለው ዓሣ

ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግና የፖቶማክ ወንዝ ውሃ ጭቃ ጭቃ መሽተት ሲጀምር አባቴ ትዝ ይለኛል። ልጅ እያለሁ፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ዘመን፣ ያ ሽታ ሲመጣ አባቴ አይረጋም ነበር። ዓሣው ከባሕሩ በኩል ወንዙን ሽቅብ መውጣት የሚጀምርበት ሰሞን ነው። አባቴ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው። ተወልዶ ያደገው ግን ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ስለሆነ፣ ስለ ዓሣ ማንም እንዲመክረው አይፈልግም።

ፊት ለፊታችን ያለው አፓርትመንት ውስጥ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ ይኖሩ ነበር። እናትና አባቴ ከሥራ እስኪመለሱ ከትምህርት ቤት ባስ ተቀብለው የሚያቆዩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም ነን። ቤታቸው ዶሮ ወጥ በሚሸትበት ቀን እንኳ ለእኔ ለብቻ ሽሮ ይሠሩልኛል። እኛ ቤት ሲመጡ እናቴም እንደዚያው ታደርጋለች። ማንም አይቀየምም። አባቴ ግን ልጁን ላሳደጉለት ሴት ዓመት ሙሉ ሽሮ ማቅረቡ ያሳፍረው ነበር።

ያን ዓመት እትዬ አስካለ ታመሙ። ከፋሲካ በኋላ ሲያትል ያለው ልጃቸው መጥቶ ሊወስዳቸው ሆነ። እንደማይመለሱ እሳቸውም ያውቁታል፣ እኛም እናውቀዋለን።

«ሳይሄዱ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት አለባቸው» አላት አባቴ ለእናቴ። «ዓሣ አይታረድም። የሙስሊም፣ የክርስቲያን የለውም።»

ፋሲካ እንዳለፈ፣ እሁድ ቀን እኔን ይዞ ወንዝ ወረደ። ወደ ማታ ክንዴን የሚያህል ዓሣ አወጣ። እየሮጥን ነው የተመለስነው። እትዬ አስካለ በር ከፍተው ፕላስቲኩ ውስጥ አዩ።

«ሰይድ፣ አምባዛ ነው እንዴ?»

«አዎ እትዬ! እንዴት ያለ አምባዛ!»

«ቅርፊት የለውማ፣ ልጄ።»

ክርስቲያኖቹ ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደማይበሉ አባቴ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። ከደስታው ብዛት ረስቶት ነው። ፊቱ ሲጠቁር እትዬ አስካለ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ወደ ሳል ተለወጠ።

«የሐይቅ ልጅ ነኝ እያልክ ስንቱን ዓመት አስቸገርከን! ሐይቅን በመኪና ነው እንዴ ያለፍከው?»

«ይሳቁብኝ እትዬ፣ ይገባኛል። ልጅዎ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሐሙስ።»

አባቴ በማግስቱ ጓደኛውን ለምኖ ሺፍቱን ቀየረና ማክሰኞ ሳይነጋ ወጣን። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔም አብሬው ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወንዙ ሞልቶ ጠቁሯል። ዳርቻው ድንጋዩ ያሟልጫል፤ ነፋሱ በጃኬቴ እጅጌ ይገባል። አባቴ ትሉን መንጠቆው ላይ እየሰካ «ወደዚያ አትጠጊ» ይለኛል፤ እኔ እጠጋለሁ። ያኔ አልፈራሁም። አሁን ሳስታውሰው ነው የምፈራው።

ከሰዓት በኋላ ዘንጉ ጎበጠ። አባቴ ታግሎ ያወጣው ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር መስመር ያለው ረጅም ዓሣ ነበር። ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም ያበራል። «ይኸው! ቅርፊት በቅርፊት!» ብዬ ዘለልኩ። አጠገባችን ያጠምዱ የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚያ ዓሣ ማጥመጃ ወቅት በሕግ ገና አልተከፈተም፤ ሌላው ይፈቀዳል፣ እሱን ግን መመለስ አለብህ አሉት።

አባቴ ዓሣውን ይዞ ቆመ። የሚያየን ሌላ ሰው አልነበረም። ሽማግሌውም ፊታቸውን ወደ ክራቸው መልሰዋል። ከዚያ ጎንበስ አለና ውሃው ውስጥ ለቀቀው። አለቀስኩ።

«አባባ፣ ሐሙስ እኮ ይሄዳሉ!»

«ያልተፈቀደልንን ይዘን ሄደን ምን ብለን ነው የምናበላቸው ዘሀራ? በይ፣ ትል አቀብዪኝ።»

ልንመለስ ስንል ነው መዳፍ የማይሞሉ ብርማ ዓሦች ተከታትለው መያዝ የጀመሩት። ሁሉም ቅርፊት አላቸው። ሽማግሌው እነሱን መያዝ እንደሚቻል በአውራ ጣታቸው ነገሩን።

በማግስቱ እናቴ ዓሦቹን ስታጸዳ አባቴ አዲስ መጥበሻ ገዝቶ ገባ። ሥጋ ነክቶት እንደማያውቅ እኛ ቤት መጥተው የነበሩት እትዬ አስካለ ራሳቸው እንዲያዩ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ሳያነሳ ፊታቸው አስቀመጠው። ወረቀቱን በጥፍራቸው ላጡት።

«ይህን ሁሉ ለእኔ፣ ሰይድ?»

«ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ይሁን?»

ትሪው ቀረበ። እሳቸው በስመ አብ አሉ፤ አባቴ ቢስሚላህ አለ። እጃችን አንድ ላይ ገባ። ከሕመማቸው የተነሳ ምግብ አይወርድላቸውም ነበር፤ ያን ቀን ግን አጥንቱን እየለቀሙ ሁለት ዓሣ ጨረሱ። መጨረሻ ላይ አባቴን አጎረሱት። አባቴ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሐሙስ ልጃቸው ወሰዳቸው። በልግ ሳይወጣ ማረፋቸውን ሰማን።

አሁን ከወንዙ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ትምህርቴን ሳልገፋ ቶሎ ሥራ የገባሁ ሰው ስለሆንኩ ልጄ የምታወራውን ሁሉ አልከታተልም፤ የምችለው መጠየቅና መጨነቅ ነው። ጓደኞቿ ቤት ውላ ስትመጣ «ምን በላሽ? ማን ሠራው?» እላታለሁ። «ማም፣ ኢትስ ጀስት ፉድ»፣ ምግብ ብቻ እኮ ነው፣ ትለኛለች ስልኳን እያየች። እኔም እበሳጭና መልሼ ደስ ይለኛል። ልጆቹ አይለያዩም፤ አንዱ ለብቻው ሽሮ የሚቀርብለት የለም። ብቻ አንዳንዴ ማታ ሳህን ሳጥብ፣ አብራው እንድትበላ ብሎ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ላይ የሚቆምላት ሰው ይገጥማት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።